ያገለገለ ጀልባ ምርመራ፦ ያዩትን፣ የሰሙትንና የገመቱትን ለይቶ መጻፍ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ አንድን ያገለገለ ዕቃ መርምራችሁ፣ ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና የገመታችሁትን በየራሱ የዐረፍተ ነገር ቅርጽ እየለያችሁ የምርመራ ዘገባ ለመጻፍ ትችላላችሁ።

ሀ. መግቢያ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሳትሰሙ አልቀራችሁም። አባባሉ ገበያ ለሚወጣ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ቢሆንም ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው የበለጠ ይሠራል። አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው የፋብሪካው ዋስትና አለው። ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው ግን ከዕቃው ጋር የቀድሞውን ባለቤት አያያዝ አብሮ ገዝቷል። አያያዝ ራሱ በዐይን አይታይም፤ የሚታየው ምልክቱ ነው።

ይሁን እንጂ መጠርጠር ብቻውን አይበቃም። ጠርጣሪው የጠረጠረውን መመርመር፣ መርምሮ ያገኘውንም ሌላ ሰው አንብቦ ሊወስንበት በሚችል ቋንቋ ማስፈር ይኖርበታል። ለዚህ ትምህርት በምሳሌነት የመረጥነው ለስፖርት ዓሣ ማጥመጃ የሚያገለግል የናፍጣ ሞተር ጀልባ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባ ያየ ተማሪ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ምንባቡ የሚናገረው ግን በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ጠረፍ፣ በጨው ውኃ ላይ ስለሚሠራው ጀልባ ነው። ይህን ምሳሌ የመረጥነው የጀልባ ጉድለት ከቀለምና ከወለል በታች ስለሚደበቅና የግምገማው ስሕተት ገንዘብንም ሕይወትንም ሊያሳጣ ስለሚችል ነው።

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

ያገለገለ የናፍጣ ጀልባ ከመግዛት በፊት

በደቡብ ምሥራቅ ፍሎሪዳ ገልፍ ስትሪም የተባለው ሞቃት የውቅያኖስ ፍሰት ወደ የብስ ተጠግቶ ወደ ሰሜን ያልፋል። ማርሊን፣ ሴይልፊሽና ቱና የተባሉት ትልልቅ ዓሣዎች በዚህ ፍሰት ውስጥና ዳር ስለሚገኙ አጥማጆች እነርሱን ፍለጋ ከጠረፍ ርቀው ይሄዳሉ። ከማያሚ ተነሥተው የባሃማስ ግዛት እስከ ሆነችው እስከ ቢሚኒ ደሴት የሚሻገሩም አሉ፤ ርቀቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነፋስ ከሰሜን ሲነሣ ከፍሰቱ ጋር ፊት ለፊት ስለሚጋጭ ማዕበሉ ቀጥ ያለና አስጊ ይሆናል። የመኪና ሞተር ቢጠፋ ከመንገድ ዳር ቆሞ ርዳታ ይጠበቃል፤ እዚህ ግን ሞተሩ የጠፋበትን ጀልባ ፍሰቱና ማዕበሉ ይወስዱታል።

ብዙዎቹ ትልልቅ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች የናፍጣ ሞተር አላቸው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በተግባር ያሳየው ይህ የሞተር ዓይነት ነዳጁ እንደ ቤንዚን በቀላሉ ተንኖ በእሳት አይያያዝም፤ በአግባቡ ከተያዘም ብዙ ሺህ ሰዓት ያገለግላል። ካልተያዘ ግን ጥገናው ውድ ነው። ሁለት ያረጁ ሞተሮችን ለማደስ የሚወጣው ገንዘብ አሮጌው ጀልባ ከተገዛበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ምርመራውን በሚከተለው ቅደም ተከተል ያካሂዳል።

በመጀመሪያ ሰነዱን ያያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1972 ጀምሮ የተሠሩ ጀልባዎች በኋለኛው ግድግዳቸው ላይ 12 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር እንዲኖራቸው ሕጉ ያዛል። ገዢው ይህን ቁጥር በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ያስተያያል። የጥገና መዝገብ ካለም ዘይቱ መቼ መቼ እንደተለወጠ፣ የትኛው ክፍል እንደታደሰ ያነባል።

ቀጥሎ ጀልባው ከውኃ ይወጣና ሆዱ ይታያል። አካሉ ከፋይበርግላስ የተሠራ ከሆነ መርማሪው በትንሽ መዶሻ ቀስ እያለ እያንኳኳ ያዳምጣል። ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ንብርብሩ የተላቀቀበት ወይም በውስጡ ያለው እንጨት የበሰበሰበት ክፍል ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። በዘንጉና በፕሮፔለሩ አካባቢ የሚታሰሩት የዚንክ ቁራጮችም የሚነግሩት ነገር አለ። እነዚህ ቁራጮች ከሌላው ብረት ቀድመው በጨው ውኃ እንዲበሉ ሆን ተብሎ የሚደረጉ ናቸው። ፈጽመው ካለቁ ጉዳቱ ወደ ሌላው ብረት ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። ምንም ካልተነኩም፣ አዲስ ካልሆኑ በቀር፣ ሥራቸውን እየሠሩ አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሞተሩ ተራ ይመጣል። ሞተሩ ገዢው ከመድረሱ በፊት መነሣት የለበትም፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ጉድለት ይደብቃልና። ስለዚህ ገዢው ከሁሉ በፊት ሞተሩን በእጁ ዳስሶ ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጣል፤ የዘይት መለኪያውንም ዘንግ ስቦ ያያል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ጭሱን ይመለከታል። ሲነሣ ታይቶ ወዲያው የሚጠፋ ጥቂት ነጭ ጭስ አያሳስብም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ግን ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም የውኃ እንፋሎት መኖሩን ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ለመሆኑ፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ ነዳጁ በቂ አየር ላለማግኘቱ ወይም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ለመጫኑ ምልክት ነው።

ከዚህም በኋላ ጀልባው በባሕር ላይ ይፈተናል። ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲሰጠው ሞተሩ አምራቹ የወሰነለት የዙር ልክ መድረስ አለበት። ለምሳሌ በደቂቃ 2,800 ዙር የተወሰነለት ሞተር ከ2,500 ማለፍ ካቃተው ፕሮፔለሩ ከብዶት፣ የጀልባው ሆድ በባሕር አረም ተሸፍኖ ወይም ሞተሩ ራሱ ደክሞ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሙቀት መለኪያው ከፍ እያለ ከሄደ የማቀዝቀዣው የባሕር ውኃ በደንብ እየተዘዋወረ ላይሆን ይችላል። ከሞቀው ሞተር የተቀዳ የዘይት ናሙናም ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። በዘይቱ ውስጥ ብረትና መዳብ በብዛት ከተገኙ የውስጥ ክፍሎች መበላታቸውን፣ ከውኃ ጋር ሶዲየም ከተገኘ ደግሞ የባሕር ውኃ መግባቱን ያሳያሉ።

በመጨረሻም ሊታይ የማይችለውን ያስባል። በብዙ ጀልባዎች የነዳጁ ማጠራቀሚያ ከአሉሚኒየም ተሠርቶ ከወለሉ ሥር ተቀብሯል። እርጥበት ከተኛበት ከውጭ በኩል ተበልቶ ይበሳል፤ ለመለወጥም ብዙ ጊዜ ወለሉን መቁረጥ ያስፈልጋል። በዚህና በመሳሰለው ምክንያት ገዢው ከሻጩም ከደላላውም ነጻ የሆነ መርማሪ በራሱ ገንዘብ ይቀጥራል። ቀብድ ሲከፍልም ምርመራው ካላጠገበው ቀብዱ እንዲመለስለት በውሉ ላይ ያስጽፋል።

ሐ. የቃላት ፍች

ጠረፍ፦ የየብስ ዳርቻ፣ ከባሕር ጋር የሚዋሰንበት ቦታ።
ናሙና፦ ሙሉውን እንዲወክል ለምርመራ የሚወሰድ ጥቂት ክፍል።
ቀብድ፦ ለውል ማጽኛ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ።
ፕሮፔለር፦ በውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋ ባለ ክንፍ ብረት።

መ. ሰዋስው፦ የዕውቀትን ምንጭ በማሰሪያ አንቀጽ መለየት

የምርመራ ዘገባ የሚያነበው ሰው ጀልባውን አላየውም፤ የሚወስነው በጸሐፊው ዐረፍተ ነገሮች ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ነገሩን ከመናገሩም በላይ በምን እንዳወቀው ማሳየት አለበት። የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ ለዚህ ምቹ ነው።

1. የታየ ነገር። ጸሐፊው ራሱ ያየውን በቀጥተኛ ማሰሪያ አንቀጽ ይጽፋል።
ምሳሌ፦ የቀኙ ሞተር ዘይት እንደ ወተት ነጥቷል።

2. የተሰማ ነገር። ከሌላ ሰው አፍ የተገኘ ቃል ከተናጋሪው ጋር ይጻፋል።
ምሳሌ፦ ሞተሩ ባለፈው ዓመት እንደታደሰ ባለቤቱ ተናግሯል።
ጸሐፊው ተናጋሪውን ትቶ «ሞተሩ ባለፈው ዓመት ታድሷል» ቢል የሻጩን ቃል በራሱ ትከሻ ላይ ተሸክሟል። «ባለቤቱ የሞተሩን መታደስ አረጋግጧል» ቢልም ያልተረጋገጠውን የተረጋገጠ አስመስሏል። «ታድሷል ይላል» ወይም «እንደታደሰ ተናግሯል» ሲባል ግን ኀላፊነቱ ከተናጋሪው ጋር ይቀራል።

3. መሣሪያ ያመለከተው ነገር። ይህ ከታየው ጋር ቢመሳሰልም ልዩነት አለው።
ምሳሌ፦ የሰዓት መቁጠሪያው 1,850 ያሳያል።
ይህን «ሞተሩ 1,850 ሰዓት ሠርቷል» ብሎ መለወጥ ስሕተት ነው። መቁጠሪያው ተለውጦ ወይም ለጊዜው ቆሞ ሊሆን ይችላልና።

4. የተገመተ ነገር። ግምት እንደ ማስረጃው ብርታት ደረጃ አለው። ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲደረደር እንዲህ ይሆናል፦
ውኃ ገብቶ ሊሆን ይችላል። (ማስረጃው ጥቂት ነው።)
ውኃ የገባ ይመስላል። (የሚታይ ምልክት አለ።)
ውኃ ሳይገባ አይቀርም። (ምልክቶቹ ተደጋግፈዋል።)
ውኃ ገብቷል። (ተረጋግጧል።)

5. አሉታዊ ዐረፍተ ነገር። ብዙ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሚከተሉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።
የነዳጁ ማጠራቀሚያ ቀዳዳ የለበትም።
በነዳጁ ማጠራቀሚያ ላይ ቀዳዳ አልታየም።
የነዳጁን ማጠራቀሚያ ለማየት አልተቻለም።
የመጀመሪያው ሁሉም ጎን ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑ ተረጋግጧል ይላል። ሁለተኛው ሊታይ የቻለው ጎን ተመርምሯል ይላል። ሦስተኛው ግን ምርመራው አልተደረገም ይላል። ጸሐፊው ሦስተኛውን ማለት ሲገባው የመጀመሪያውን ቢጽፍ፣ አንባቢው በዚያ ዐረፍተ ነገር ተማምኖ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ቤተ ሰቡንም አሳፍሮ ወደ ባሕር ይወጣል።

ሠ. የዘገባ አጻጻፍ

የምርመራ ዘገባ አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም የዕቃው ማንነት፣ የተገኘው ነገር፣ ያልተመረመረው ነገርና የጸሐፊው አስተያየት ናቸው። አስተያየት ከመጨረሻው ክፍል ወደ ላይ መውጣት የለበትም። «ጥሩ»፣ «ቆንጆ»፣ «አስተማማኝ» የመሳሰሉ ቅጽሎችም ማስረጃ አይሆኑም። የሚከተለው ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው።

«ጀልባው 10 ሜትር ርዝመትና ሁለት የናፍጣ ሞተሮች አሉት። መለያ ቁጥሩ ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ሞተሮች ሲዳሰሱ ቀዝቃዛ ነበሩ። የግራው ሞተር ወዲያው ተነሣ፤ ጭሱም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። የቀኙ ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ ተነሣ፤ ነጭ ጭሱም ከሃያ ደቂቃ በኋላ አልጠፋም። በባሕር ላይ ሲፈተን የግራው 2,800፣ የቀኙ 2,480 ዙር ደረሰ። የቀኙ ሞተር በቅርቡ እንደታደሰ ባለቤቱ ቢናገርም የጥገና መዝገብ አላቀረበም። የነዳጁን ማጠራቀሚያ ለማየት አልተቻለም። የቀኙ ሞተር የውስጥ ጉድለት ሳይኖረው አይቀርም። የዘይቱ ናሙና ውጤት እስኪመጣና ሞተሩ በባለሙያ እስኪፈተሽ ድረስ ግዢው እንዲቆይ አሳስባለሁ።»

ልብ በሉ፦ ጸሐፊው ሻጩን ዋሾ አላለውም። የተነገረውንና የታየውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፍርዱን ለአንባቢው ትቷል።

ረ. መልመጃ

መልመጃ 1፦ ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።
ሀ. ሻጩ ገዢው ሳይመጣ ሞተሩን ቢያሞቀው ገዢው የትኞቹን ምልክቶች ሳያይ ይቀራል?
ለ. ፈጽሞ ያልተነካ የዚንክ ቁራጭ ሁልጊዜ መልካም ምልክት የማይሆነው ለምንድን ነው?
ሐ. መርማሪውን ሻጩ ቢቀጥረው ምን ጉዳት ሊደርስ ይችላል?

መልመጃ 2፦ የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች የዕውቀት ምንጫቸውን ደብቀዋል። በቅንፍ የተሰጠውን መረጃ ተጠቅማችሁ አስተካክላችሁ ጻፏቸው።
ሀ. ጀልባው ተጋጭቶ አያውቅም። (ደላላው የተናገረው ነው።)
ለ. የኋለኛው ግድግዳ በስብሷል። (ሲንኳኳ የታፈነ ድምፅ ተሰምቷል።)
ሐ. የፕሮፔለሩ ዘንግ ዝገት የለበትም። (ጀልባው ከውኃ አልወጣም።)
መ. ሞተሩ 900 ሰዓት ብቻ ሠርቷል። (የሰዓት መቁጠሪያው ላይ የተነበበ ነው።)

መልመጃ 3፦ በምሳሌው ዘገባ ውስጥ የታየውን፣ የተሰማውን፣ መሣሪያ ያመለከተውንና የተገመተውን የሚገልጹትን ዐረፍተ ነገሮች ለይታችሁ በአራት ዐምድ ጻፉ።

መልመጃ 4፦ በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ያገለገለ ዕቃ፣ ለምሳሌ ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና ወይም የውኃ ፓምፕ መርጣችሁ መርምሩ። ዕቃውን ሊገዛ ለሚያስብ፣ ነገር ግን ላላየው ሰው የሚሆን ከ150 እስከ 200 ቃላት የሚደርስ ዘገባ ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ፊት «ይህን በምን ዐወቅሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መልስ ያላገኛችሁለትን ዐረፍተ ነገር አስተካክሉት ወይም ሰርዙት።