ምዕራፍ ሰባት፦ «ሊሆን ይችላል» ሲባል ከመቶ ስንት ነው?

በማርች 1951 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ ስለ ዩጎዝላቪያ አንድ የግምት ሰነድ አዘጋጀ። የአገሪቱ መሪ ቲቶ ከሶቪየት ኅብረቱ መሪ ከስታሊን ጋር ከተጣሉ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ የሞስኮ ወዳጅ የሆኑት ጎረቤቶቻቸው ጦራቸውን እያጠናከሩ ነው። ሰነዱ በዚያ ዓመት የዩጎዝላቪያን መጠቃት «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» (ብርቱ የመሆን ዕድል ያለው) አለው። በቸልታ የማይታለፍ ነገር ነው ለማለት ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ባለሥልጣን ከሰነዱ አዘጋጆች አንዱን፣ የቀድሞውን የየል ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ሸርማን ኬንትን፣ «ስንት ማለታችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ኬንት በበኩሉ ከመቶ 65 ያህል እንደሚገምት ነገረው። ሰውየው ደነገጠ፤ እሱና ባልደረቦቹ ቃሉን ከዚያ በጣም ዝቅ አድርገው ነበር ያነበቡት። ነገሩ የከነከነው ኬንት ሰነዱን አብረውት ያጸደቁትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀ። አንዱ ከመቶ 20፣ ሌላው ከመቶ 80 አለው። እነዚህ ሰዎች በዚያች ዐረፍተ ነገር ላይ ተነጋግረው፣ ተከራክረው፣ ተስማምተው ነበር!

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ስምምነት ነው። ጠብ ቢኖር ኖሮ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቅ ነበር።

ኬንት በ1964 ባወጣው ጽሑፍ ለቃላቱ ልክ ሊያበጅላቸው ሞከረ። «ፕሮባብል» (ሳይሆን አይቀርም) ከመቶ 75 አካባቢ፣ «ኦልሞስት ሰርተን» (ርግጠኛ ለማለት የቀረበ) 93 አካባቢ እንዲሆኑ አሰበ። «ፖሲብል»ን (ሊሆን ይችላል) ግን ያለ ቁጥር ተወው፤ ነገሩ የማይሆን አለመሆኑን ብቻ እንጂ ምን ያህል እንደሚሆን አይናገርምና። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች «ላይክሊ» (የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ) ብለው ሲጽፉ ቢያንስ ከመቶ 66፣ «ቬሪ ላይክሊ» (ዕድሉ በጣም ከፍ ያለ) ሲሉ ቢያንስ 90 ማለታቸው ነው።

ለእኛ ኑሮ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከመድኃኒት ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ወረቀት ነው። በአውሮፓ ደንብ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ አንድ የጎንዮሽ ጉዳት «ኮመን» ከተባለ፣ ከ100 ተጠቃሚዎች ከ1 እስከ 10 የሚሆኑትን ያገኛል ማለት ነው። «ሬር» (ብርቅ) ከተባለ ደግሞ ከ10,000 ሰው ከ1 እስከ 10 ብቻ። «ኮመን»ን «የተለመደ» ብሎ ያነበበ ሰው፣ አብዛኛው ሕመምተኛ የሚደርስበት መስሎት የደም ግፊት መድኃኒቱን ቢያቋርጥ አይፈረድበትም። ጉዳቱ ግን የእሱው ነው። ስለዚህ እንክብሉን ከመተውዎ በፊት ወረቀቱን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ወይም ወደ ፋርማሲስቱ ይሂዱ፤ «ይህ ነገር ከመቶ ስንት ሰው ላይ ይደርሳል? መድኃኒቱን ባቋርጥስ ምን ያገኘኛል?» ብለው ሁለቱንም ጥያቄዎች ይጠይቁ።