ወረቀቱን ወዲህ በዪው

እስቲ ወዲህ በዪው የልጅሽን የጂን ምርመራ ወረቀት፤ ብቻሽን አታብሰልስዪው። የመጀመሪያው ገጽ ስምና የናሙና ቁጥር ነው፣ እለፊው። ቁም ነገሩ ሠንጠረዡ ላይ ነው። «ኤምኢሲፒ2» የሚለው የጂኑ ስም ነው፤ ሐኪሞቹ ባጭሩ «መክፒቱ» ይሉታል። ከጎኑ «ቲ158ኤም» ይላል። ይህ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን ከአሚኖ አሲዶች የተያያዘ ሰንሰለት ነው፤ ልጅሽ ላይ 158ኛው ቦታ ትሪዮኒን መሆን ሲገባው ሜቲዮኒን ሆኗል። ከዲኤንኤው የተሳተው አንድ ፊደል ብቻ ነው። የተሳተበት ቦታ ግን ፕሮቲኑ ዲኤንኤውን የሚይዝበት ነው። የልጅሽ በሽታ፣ ሬት ሲንድሮም፣ ካለባቸው ልጆች ላይ አዘውትረው ከሚገኙት ለውጦች አንዱ ይሄው ነው፤ በዓለም ላይ ልጅሽ ብቻ ናት እንዳትዪ።

የፕሮቲኑ ሥራ እንዲህ ነው። ዲኤንኤ ላይ እዚህም እዚያም ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት አለ። ፕሮቲኑ ምልክቱን ፈልጎ ይቀመጥበትና ሌሎች ረዳቶችን ጠርቶ በአቅራቢያው ያሉትን ጂኖች አደብ ያስገዛቸዋል። የአንጎል ነርቭ ሴሎች ውስጥ ሞልቷል። ሲጎድል አንድ ጂን ብቻውን አይደለም የሚበላሸው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጂኖች ትንሽ ትንሽ ከልካቸው ይወጣሉ። ለዚህ ነው እጇም፣ ንግግሯም፣ ትንፋሿም፣ ሆዷም ባንዴ የታወከው።

አሁን ደግሞ «ዴ ኖቮ» የምትለውን እያት። ያንቺም የባልሽም ደም ተመርምሮ ለውጡ አልተገኘም፤ የጀመረው እሷ ላይ ነው ማለት ነው። ይቺን በደንብ ያዢያት፣ ምክንያቱም ነገ የሚባልሽን አውቀዋለሁ። አንዷ ቡዳ በልቷት ነው ትላለች፣ ሌላዋ ክትባቱ ነው ትላለች፣ አማትሽ ደግሞ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብለው አንቺን አንቺን ያያሉ። ክትባቱ ለምን እንደሚጠረጠር ይገባኛል። እነዚህ ልጆች ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ደህና ያድጉና የለመዱትን መጣል ይጀምራሉ፤ ጊዜው ከክትባት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ለውጡ ግን ከመወለዷ በፊት የነበረ ነው። በአብዛኛው የሚፈጠረው በአባት የዘር ሴል ውስጥ፣ ዲኤንኤው ሲገለበጥ ነው። ይህን ስልሽ ባልሽ ላይ እንድትነሺ አይደለም፤ አውቆ ያደረገው ነገር የለም፣ ሊከለክለውም አይችልም ነበር። ሌላ ልጅ መውለድ ከፈራሽ፣ እንዲህ ባለ ሁኔታ የመደገሙ ዕድል ከመቶ አንድ አይሞላም። ስታረግዢ ግን ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ምርመራ አለው።

ሐኪም ሁሉ ይህን በሽታ ያውቃል ብለሽ አትጠብቂ። ከአሥር ሺህ ሴት ልጆች አንዷን ገደማ ነው የሚይዘው። በ1954 እ.ኤ.አ. አንድሬያስ ሬት የሚባል የቪየና የሕፃናት ሐኪም ተራ መጠበቂያው ውስጥ ሁለት ልጆች እናቶቻቸው ጭን ላይ ሆነው እጃቸውን አንድ ዓይነት ሲያፋትጉ አየ። በ1966 በጀርመንኛ ጻፈው፣ ብዙ ሰው ሳያየው ቀረ። የስዊድኑ ቤንግት ሃግበርግና ባልደረቦቹ የ35 ልጆችን ታሪክ በእንግሊዝኛ ያወጡት በ1983 ነው። ጂኑን ያገኘው ደግሞ ቤይሩት ተወልዳ ሂዩስተን የምትሠራው የሁዳ ዞግቢ ቡድን ነው፣ በ1999። እና ድንገተኛ ክፍል ያለው ወጣት ሐኪም «ምንድን ነው እሱ?» ቢልሽ አትናደጂበት፤ የወረቀቱን ቅጂ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ።

ከሁሉ በላይ እንድትሰሚኝ የምፈልገው ይህን ነው። በ2007 የኤድንበራው አድሪያን በርድ ቡድን ይሄው ጂን ተዘግቶባቸው የታመሙ፣ ያደጉ አይጦች ላይ ጂኑን መልሶ ሲከፍተው ብዙው ምልክት ተመለሰ። የነርቭ ሴሎቹ አልሞቱም ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «ልጄ ሄደችብኝ» እያልሽ ፊት ለፊቷ አታልቅሺ። እዚያው ናት፣ ትሰማሻለች። በአንድ እጅሽ ሙዝ፣ በሌላው ዳቦ ያዢ። ራቅ አድርገሽ፣ በዓይኗ ትይዩ። «የትኛውን?» በይና ዝም በይ። እንደገና አትጠይቂ፣ እጅሽን አታወዛውዢ። መልሷ ይዘገያል፤ እጇን እያሸች ወዲያ ታይ ይሆናል፣ ትንፋሿን ይዛ ትቆይ ይሆናል። ከዚያ ዓይኗ ዳቦው ላይ ያርፋል። ያኔ ዳቦውን ስጫት፣ ስሙንም ጥሪላት። አብዛኛው ሰው ከመመለሷ በፊት ተስፋ ቆርጦ ስለሚሄድ ነው አትገባትም የሚባለው። እጇ አልታዘዝ ያላት ልጅ በዓይኗ ትናገራለች፤ የዓይን እንቅስቃሴ የሚከተል ኮምፒውተርም አለ፣ ጠይቂ።

ኢንተርኔት ላይ ካየሻት ልጅ ጋርም አታወዳድሪያት። ሴት ልጅ ይህ ጂን ያለበት ኤክስ ክሮሞዞም ሁለት አላት፣ እያንዳንዱ ሴል አንዱን ዘግቶ በሌላው ይሠራል። ስለዚህ ግማሽ የሚሆኑት ሴሎቿ በደህናው ቅጂ ነው የሚሠሩት፤ ድርሻው ግን ከልጅ ልጅ ይለያል። ያው አንድ ለውጥ ያላቸው ሁለት ልጆች፣ አንዷ ትራመዳለች፣ አንዷ አትራመድም።

ክትትሉን ቸል አትበዪ። ልቧን በኢሲጂ ይዩላት፤ በዚህ በሽታ የልብ ምት መዛባት ያጋጥማል፣ የተከለከሉ መድኃኒቶችም አሉ። አከርካሪዋ እያደገች ስትሄድ ሊጣመም ይችላል። የሆድ ድርቀቷን አትናቂ፤ ሌሊት ስታለቅስ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ። ስትንቀጠቀጥ ወይም ትንፋሿን ስትይዝ በስልክሽ ቅረጺ፣ ሁሉም የሚጥል በሽታ አይደለም፤ ሐኪሙ ቪዲዮውን አይቶ ቢለይ ይሻላል። ጸበል እወስዳታለሁ ካልሽ ውሰጃት፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ፤ ባንዴ ማቆም ራሱ ሌላ ከባድ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ስለ መድኃኒት ደግሞ፦ ትሮፊኔታይድ የሚባል ሽሮፕ እዚህ አሜሪካ ውስጥ በማርች 2023 ተፈቅዷል፣ ሁለት ዓመት ለሞላቸው። አያድንም፤ አንዳንዶቹን ያግዛል፣ ተቅማጡ ግን ያስቸግራል። የጂን ሕክምናም በሰው ላይ እየተሞከረ ነው። ያዘገየው መጠኑ ነው፤ ይህ ፕሮቲን እንደ ወጥ ጨው ነው፣ ሲጎድልም ሲበዛም ያበላሻል። ጂኑ በእጥፍ ያላቸው ወንዶች ልጆች ሌላ ከባድ ሕመም አለባቸው። ስለዚህ «እናድናታለን፣ ገንዘብ ላኪ» የሚልሽን ሁሉ አትመኚ።

እዚሁ አሜሪካ እስካለሽ ድረስ መብትሽን እወቂ። ሦስት ዓመት እስኪሞላት የቅድመ ሕፃንነት ድጋፍ አለ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ሆስፒታል ስትገቢ አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቂ፤ የስምንት ዓመት ወንድሟን አስተርጓሚ አታድርጊው፣ ሸክሙ አይገባውም። ባልሽም ቀጠሮ ላይ ይገኝ፤ ዳር ሆኖ ሲሰማ ነው ወሬ የሚያምነው።

እነዚህ ልጆች አድገው ጎልማሳ ይሆናሉ፤ ብዙዎቹ አርባንም ይሻገራሉ። ስለዚህ ጉልበትሽን በአንድ ወር አትጨርሺው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ተያት፣ አንቺ ተኚ። ሰኞ ጠዋት ግን ከሁሉ በፊት የልብ ሐኪሙ ጋ ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ።