ካምቢዮውን ዳግም ከማውረድህ በፊት

ልጄ፣ የሃይሉክስህን ፍሪሲዮን በገዛ እጅህ ቀይረህ፣ ገጥመህ ስትጨርስ ማርሽ አልገባ እንዳለህ ሰማሁ። መድፈርህን አልነቅፍም። በቆጂ ተቀምጦ ከሶማሌ ተራ ዕቃ አስልኮ፣ በዚህ ብርድ መሬት ላይ ተኝቶ ካምቢዮ ማውረድ የሰነፍ ሥራ አይደለም። አሁን ግን ዙሪያህን የቆመው ሁሉ «ፍታውና እንደገና እየው» ይልሃል። አትስማው። ፍሪሲዮን ተቀይሮ ወዲያው የሚመጣ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከካምቢዮው ውጭ፣ ከፔዳሉ እስከ ታችኛው ፓምፕ በሚሄደው ዘይት ላይ ነው። እሱን ሳታጣራ አንድም የካምቢዮ ቡሎን አትፍታ።

1. ከሁሉ በፊት የታችኛውን ፓምፕ ዘንግ በዓይንህ እይ። ሃይሉክስ ላይ ይህ ፓምፕ ካምቢዮው ጎን በሁለት ቡሎን ታስሮ ውጭ ይታያል። ከውስጡ የሚወጣው ዘንግ ሹካውን ይገፋል፤ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው ደግሞ የፕሬሸር ፕሌቱን ጣቶች። ሞተሩን አጥፋ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ ጎማው ሥር ታኮ አስገባ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ደግሞ አትግባ። ሹካው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግና የተማሪ ማስመሪያ ደግፈህ ያዝ። አንድ ሰው ፔዳሉን ቀስ አድርጎ እስከ ወለሉ ይርገጥልህ፣ ረግጦም ይቆይ። ዘንጉ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ተጉዞ እዚያው ከቆመ፣ ዘይቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ችግሩን ውስጥ ፈልግ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከተነቃነቀ፣ ወይም ገፍቶ ቀስ በቀስ ከተመለሰ ግን ካምቢዮውን እርሳው። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ፓምፑን ካምቢዮው ውስጥ፣ ኩሽኔታው ላይ ስለሚያደርጉት ይህን ማየት አይቻልም። ያንተ እግዜር ይመስገን ውጭ ነው።

2. «ማርሽ አይገባም» ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ ይገባል? ሲነሳ ብቻ ነው እምቢ የሚለው? እንዲያ ከሆነ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው። ጠፍቶም ካልገባ የማርሽ ማስገቢያውን አጣመህ ገጥመኸዋል። ለማረጋገጥ ሞተሩን አስነሳ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠህ እስከ አምስት ቁጠርና የኋላ ማርሽ ሞክር። የኋላ ማርሽ በብዙ መኪኖች ላይ ሲንክሮናይዘር ስለሌለው ውሸት አያውቅም፤ ጥርሱ ከጮኸ ሞተሩ ካምቢዮውን አሁንም እያዞረው ነው።

3. ፓምፑ ከተፈታ ወይም ቱቦው ከተነቀለ አየር ገብቷል፤ አልገባም ብለህ አትከራከር። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ይጨመቃል፤ የእግርህ ጉልበት ሹካው ዘንድ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል። ፔዳሉን አከታትለህ ስትረግጠው እየጠነከረ መጥቶ ማርሽ ከገባልህ አየር መኖሩን እወቅ።

አወጣጡን ታውቀዋለህ፣ ግን ቸኩለህ ይሆናል። ረዳትህ ፔዳሉን ይርገጥና ይያዝ፤ አንተ የአየር ማውጫዋን ቡሎን ክፈት፤ ዘይትና አረፋ ይውጣ፤ ቡሎኗን ዝጋ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቅ። ቡሎኗ ክፍት ሳለች ፔዳሉ ከተለቀቀ ያወጣኸውን አየር መልሰህ ሳብከው። ላይ ያለው የዘይት ቋትም አይጉደል፤ ባዶውን ካገኘኸው ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ፔዳሉ አሁንም ልፍስፍስ ካለብህ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ትልቅ አዲስ ሲሪንጅ ግዛ፤ መርፌውን ጣልና በቀጭን ላስቲክ ከታችኛው ፓምፕ ማውጫ ጋር አያይዘህ አዲስ ዘይት ቀስ እያልክ ወደ ላይ ግፋ። አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ መንገዱን አግዘው። ቋቱ እንዳይፈስ ግን ሰው ይጠብቀው፤ የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ያነሳል።

4. የምትጨምረው ዘይት በቋቱ ክዳን ላይ የተጻፈው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዶት 3። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ ናፍጣ ጠጋ እንዳይል፤ የፓምፑን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ ያኔ የላይኛውንም የታችኛውንም ፓምፕ ትጥላለህ። መንገድ ላይ ውሃ ጨምረው የሚነዱ ሰዎች አሉ። ይሄዳል፣ አዎ፤ ፓምፑም ይዝጋል። ተከፍቶ ክረምቱን መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስም አትጠቀም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ እርጥበት ሲገባው ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል።

5. አየሩ ወጥቶ፣ ፔዳሉን ረግጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ ከሰመጠ ከፓምፖቹ አንዱ ጎሚኒው አልቋል። ከዳሽቦርዱ ሥር እጅህን ሰድደህ የፔዳሉ ዘንግ የላይኛው ፓምፕ ውስጥ የሚገባበትን ዳስስ፤ እርጥብ ከሆነ አገኘኸው። የታችኛውን ፓምፕ የአቧራ ላስቲክ ገልጠህ እይ። ሁለቱም ደረቅ ሆነው የሚሰምጥ ከሆነ የላይኛው ፓምፕ በውስጡ ያሳልፋል።

«ትናንት ደህና የነበረ ፓምፕ ዛሬ እንዴት?» ትል ይሆናል። የፍሪሲዮኑ ሸራ እያለቀ ሲሄድ የታችኛው ፓምፕ ፒስተን ዓመት በዓመት ወደ ውስጥ እየገባ ይኖራል። አዲስ ሸራ ስትገጥም ወደ ውጭ ይመለሳል፤ እዚያ ደግሞ ለዓመታት ዝገትና ጭቃ የከረመበት ግድግዳ ይጠብቀዋል፣ ጎሚኒውን ይልጠዋል። ስለዚህ ነው ከፍሪሲዮን ጋር የታችኛውን ፓምፕ ጎሚኒ አብረህ ለውጥ የምልህ። ደግሞ ልጠይቅህ፤ ካምቢዮው ወርዶ ፓምፑ ተንጠልጥሎ ሳለ ፔዳሉን የረገጠ አለ? ሠፈርህ ልጅ አይጠፋበትም። ከተረገጠ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ወጥቷል።

6. የፔዳሉን ክፍተት ለካ። በጣትህ ስትነካው ምንም ሳይከብድህ የሚሄድበት ርቀት በቶዮታ መኪኖች በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ማርሽ አልገባ ሲል ብዙ ሰው የፔዳሉን ዘንግ ያስረዝምና ክፍተቱን ያጠፋዋል። ያኔ በላይኛው ፓምፕ ውስጥ ዘይት ወደ ቋቱ የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ ተዘግታ ትቀራለች፤ ዘይቱ ሲሞቅ መሄጃ አጥቶ ፍሪሲዮኑን ገፍቶ ይይዘዋል። በቆጂ ከተማ ውስጥ ምንም አይታይህም። ከአዳማ ተነስተህ አሰላን አልፈህ ወደ ሳጉሬ ስትመጣ ግን፣ እስከ በቆጂ ከ1,000 ሜትር በላይ ነውና የምትወጣው፣ ሞተሩ ይጮኻል መኪናው አይሄድም፤ አዲሱ ሸራህም ያኔውኑ ይቃጠላል። እንዲህ ከሆነብህ ዳር ይዘህ ቁም፣ የታችኛውን አየር ማውጫ ለአፍታ ክፈት፤ ዘይት ፊጭ ብሎ ፍሪሲዮኑ ከያዘ ነገሩ ታውቋል።

7. የታችኛው ፓምፕ ዘንግ በደንብ እየገፋ ፍሪሲዮኑ አልለቅም ካለ ብቻ ካምቢዮውን አውርድ። የምታየው፦ ሸራው ተገልብጦ ገብቶ እንደሆነ (ብዙዎቹ ላይ የቮላኖው በኩል የትኛው እንደሆነ ተጽፎበታል፤ አንብበው)፣ ሹካው ከመደገፊያው ወርዶ እንደሆነ፣ የካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ላይ ግራሶ አብዝተህ ሸራው ተጣብቆ እንደሆነ፣ ቮላኖው መሐል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ነክሳ እንደሆነ። ካምቢዮው አልገባ ሲልህ በቡሎን ስበህ አስገብተኸው ከሆነ ወይም ክብደቱ ሸራው ላይ ተንጠልጥሎ ከነበረ ሸራው ጠምሟል፤ አዲስ ቢሆንም ጣለው። ማዕከሉን የምትይዝበት መሣሪያ ከሌለህ ከወይራ እንጨት አስጠርብ፤ ጫፉ በትንሿ ኩሽኔታ ልክ፣ ወገቡ በሸራው ቀዳዳ ልክ። የአሮጌውን ሸራ ብናኝ በአፍህም በኮምፕሬሰርም አትንፋ፤ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

8. የሙከራ ጉዞህን ንጋት ላይ አታድርግ። ያ ሰዓት የሯጮቹ ነው። ደራርቱም ቀነኒሳም ጥሩነሽም ከዚሁ ከተማ ነው የወጡት፤ ዛሬም ልጆቹ በጉም ውስጥ የመንገዱን ጠርዝ ይዘው ይሮጣሉ፣ ያንተ መኪና ደግሞ ገና ያልታመነ ነው። ረፋዱ ላይ ሜዳማውን መንገድ ይዘህ ውጣ፣ ጭነት አትጫን። መጀመሪያ ሞተሩን ስታስነሳ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፤ አልለቅም ያለ ፍሪሲዮን በማርሽ ከተነሳ መኪናው ፊት ለፊት የቆመው ሰው ላይ ይዘልላል። ሞቅ ሲል አቁመህ የኋላ ማርሹን እንደገና ሞክር፣ የቋቱን መጠን እይ፣ የታችኛውን ፓምፕ በጨርቅ ጥረግና ርጥበት እንዳለው ተመልከት። ማታ ጋራዡ ጋ እለፍና ያገኘኸውን ልኬት ንገረኝ።