የድንጋይ ገበያ ትምህርት፦ ኔፌሊን ምንድን ነው? ከኮላ ድባ ቢገኝስ ያዋጣል?

ዛሬ የቡናና የሽምብራ ዋጋ ሳይሆን የድንጋይ ነገር ነው የማወራችሁ። ሰሞኑን «ማዕድን አለን፣ ገዢ ፈልግልን» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። አንዳንዶቹ ለ«ምርመራ» ተብሎ ገንዘብ አዋጡ እየተባሉ ነው። ስሙ ከሚነሳው አንዱ ኔፌሊን ስለሆነ ብር ከኪስ ሳይወጣ ይህን እንማር።

1. ምንነቱ

ኔፌሊን ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ አሉሚኒየምና ሲሊካ ያለበት ማዕድን ነው። ስሙ ከግሪክኛ «ደመና» የመጣ ነው፤ ጠንካራ አሲድ ውስጥ ሲገባ ስለሚደፈርስ። የሚፈጠረው ሲሊካ ካነሰው ቅላጭ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ከኳርትዝ ጋር አብሮ አይፈጠርም። «ኔፌሊን ነው» ብሎ ኳርትዝ የሞላበት ድንጋይ ያሳያችሁ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ አውቆ ነው።

2. በአገራችን የት አለ?

ሁላችንም አይተነዋል፦ የአክሱም ሐውልቶች። የተጠረቡት ኔፌሊን ሳይናይት ከሚባል ድንጋይ ነው፤ የተፈለጠውም ከከተማዋ በስተምዕራብ ካለው ጎቦድራ ኮረብታ ነው። የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም 520 ቶን ገደማ ይገመታል። በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰው ደግሞ 24 ሜትር ገደማ ነው። የአድዋና የአክሱም ሹል ተራሮችም ትራካይትና ፎኖላይት ናቸው። ፎኖላይት ማለት «የሚጮህ ድንጋይ» ነው፤ ስስ ሆኖ ሲመታ ይደውላል።

የእኛ የደምቢያና የጎንደር ምድር ግን በአብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ባዛልት፣ ከላዩም ጥቁር አፈር ነው። ባዛልት ለጠጠር፣ ለኮብልስቶንና ለግንብ ይሆናል። ኔፌሊን ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

3. ለምን ይፈለጋል?

በመስታወትና በሴራሚክ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃው ቶሎ እንዲቀልጥ ያደርጋል፤ ነዳጅ ይቆጥባል። ካናዳ በኦንታሪዮ፣ ኖርዌይ ደግሞ በስቲየርንዮ ደሴት ለዚሁ ሲያመርቱ ኖረዋል። ገዢው የሚጠይቀው መጀመሪያ ብረቱን ነው። ብረት ካለበት መስታወቱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ስለዚህ «ኔፌሊን አለበት» ማለት «ይሸጣል» ማለት አይደለም። ቡና ሁሉ አንደኛ ደረጃ እንደማይወጣው ማለት ነው።

4. የሩሲያው ኮላ

ስማችንን የሚጋራ ኮላ የሚባል ልሳነ ምድር ሩሲያ ሰሜን ጫፍ ላይ አለ። እዚያ የኪቢኒ ተራሮች አፓታይትና ኔፌሊን አብረው የያዙ ናቸው። የማዳበሪያ ፎስፌት የሚወጣው ከአፓታይቱ ነው። ኔፌሊኑ ተከታይ ምርት ነው፤ ብዙው ከዝቃጭ ጋር ይደፋል።

የሚለየው ኔፌሊን ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር ተጉዞ ፒካሊዮቮ የምትባል ከተማ ይደርሳል። እዚያ ከኖራ ድንጋይ ጋር ተቃጥሎ አራት ነገር ይሰጣል፦ አሉሚና፣ ሶዳ፣ ፖታሽና ሲሚንቶ። 1 ቶን አሉሚና ለማውጣት 4 ቶን ገደማ ኔፌሊን ይገባል፤ ከ9 እስከ 10 ቶን ሲሚንቶ አብሮ ይወጣል። አራቱም ካልተሸጡ ሒሳቡ አይመታም።

ይህ የታየው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ነው። ፋብሪካው ለሦስት ባለቤት ተከፋፍሎ ነበር፤ በዋጋ ሳይስማሙ ቀሩ፣ ሥራው ቆመ። ደመወዝ ያጡ ሠራተኞች አውራ ጎዳና ዘጉ፤ የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ፑቲን ራሱ መጣ። ማዕድኑ አላለቀም፤ የተበጠሰው የገበያው ሰንሰለት ነው።

5. የእኛ ሒሳብ

የመኪና ኪራይ ለቡናም ለድንጋይም በክብደት ነው። ለምሳሌ የኩንታል ኪራይ 500 ብር ነው እንበል። 50,000 ብር በሚያወጣ ኩንታል ላይ 1 በመቶ ብቻ ነው። 500 ብር በሚያወጣ ድንጋይ ላይ ግን ኪራዩ ዋጋውን በሙሉ ይበላል። ከኮላ ድባ ጅቡቲ ድረስ ርካሽ ድንጋይ ጭኖ ማትረፍ ዘበት ነው። እንዲህ ያለ ማዕድን የሚያዋጣው ፋብሪካው አጠገቡ ሲሆን ነው።

ለዩኒየኖች አንድ ነገር ልጨምር፦ ገበሬውን የሚጠቅመው ኔፌሊኑ ሳይሆን አብሮት የሚገኘው አፓታይት ነው። እኛም ወለጋ ጊምቢ አጠገብ ቢቂላል ላይ አፓታይት አለን። «ማዕድን» ሲባል ጆሯችሁን ወደ ፎስፌት ጣሉ።

6. ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት

🔹 ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። በማሳችሁ ቢገኝም ያለ ፈቃድ አይሸጥም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ 678/2002ን አንብቡ፤ ፈቃዱን ከማዕድን ሚኒስቴር ወይም ከክልሉ ማዕድን ቢሮ ጠይቁ።
🔹 ናሙናውን ራሳችሁ ወስዳችሁ አዲስ አበባ ባለው የጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ አስመርምሩ። ሻጩ ያመጣው ወረቀት አይበቃም።
🔹 ሦስት ቁጥር ጠይቁ፦ የብረት መጠን፣ የክምችት ቶን፣ እስከ ፋብሪካ ያለ ኪሎ ሜትር።
🔹 «ገዢው ውጭ አገር ነው፣ እናንተ ቅድሚያ ክፈሉ» ካለ ተዉት። ገዢ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

እኔ ደላላ ነኝ፤ ኮሚሽን የምበላው ዕቃ ሲሸጥ ነው። ለኔፌሊን ግን ዛሬ ከዚህ አካባቢ ገዢ አላገናኝም። ያዋጣችሁትን ብር ለሽምብራና ለጤፍ ዘር አውሉት።