«እንደ ልጆቼ ነበር የማያቸው»

ጥያቄ፦ ሐርቡ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። በእነዚህ ዓመታት አብረውኝ የሠሩት ሴቶች ልጆች ከዓይኔ አይጠፉም፤ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ አውቶቡስ ሲቆም ሮጠው የሚያስተናግዱት ሁሉ። አንዷ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባች፤ ሁለቱ ዓረብ አገር ናቸው። እንደ ልጆቼ ስለማያቸው ደሞዝ ብዬ አልቆረጥኩላቸውም፤ ሲቸግራቸው ግን እሰጣቸው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ልጆቼን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ስሸሽ ቤቱን የጠበቁልኝም እነሱ ናቸው። አሁን እዚህ ያሉት ገበያ ላይ ሲያገኙኝ በሩቁ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። ለመጪው ዒድ ሰብስቤ ምሳ ላበላቸው አስቤያለሁ። ቅር ሳይላቸው እንዲመጡ እንዴት ልጥራቸው?
ዘ. ከሐርቡ

መልስ፦ እህቴ ዘ.፣ እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ምሳው ነው፤ እኔን ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞኝ ቀረ። «እንደ ልጆቼ ስለማያቸው ደሞዝ ብዬ አልቆረጥኩላቸውም።» በሩቁ ሰላም ብለው የሚያልፉት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ክፉ አሠሪ ነበሩ አልልም። ክፉ አሠሪ ለሄደች እንጀራ ጋጋሪ አይናፍቅም። ነገር ግን ልጅ ማለት ምን እንደሆነ ወልደዋልና ያውቁታል። የወለዷት ልጅ የደብተር ሲያስፈልጋት «ስጪኝ» ትላለች፤ ካልሰጧት ታኮርፋለች፤ ነገ ቤቱም የእሷ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ ምጣድ የምትጥደው ልጅ ግን ለእናቷ የምትልከው ሲያስፈልጋት መጀመሪያ የእርስዎን ፊት ታያለች። ገበያው ቀንቷል? ተቆጥተዋል? ብላ ትጠብቃለች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ የገዛ ላቧን ዋጋ እንደ ምጽዋት ትለምናለች። ሲሰጧትም ትመርቅዎታለች። እርስዎ የሚያስታውሱት ምርቃቱን ነው፤ እሷ የምታስታውሰው መለመኗን ነው።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ደግሞ ይዘዋቸው የሸሹት የወለዷቸውን ነው። እንደ ልጆቼ ያሏቸው ቤት ጠባቂ ሆነው ቀሩ። ይህን የጻፉት ታማኝነታቸውን ለማመስገን እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔ ግን ሳነበው አዘንኩ። የእርስዎን ድስትና ወንበር ሲጠብቁ ጦርነት መሐል የተገኙ ወጣት ሴቶች ናቸው። ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፉት ጠይቀዋቸው ያውቃሉ? ከደብዳቤዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ፋብሪካ የገባችውም ፓርኩ በ2009 ክረምት ከተመረቀ ወዲህ ወደዚያ ከጎረፉት አንዷ ናት። የስፌት ደሞዝ ትንሽ ነው፣ የቤት ኪራይም ይበላዋል። ቢሆንም ወሩ ሲያልቅ በስሟ ይገባል፤ ማንንም አትለምንም።

ደሞዝ ሳይቆርጡ ማሠራት የእርስዎ ብቻ አይደለም። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ስንቱ ሻይ ቤት፣ ስንቱ ሱቅ «እንደ ልጄ ናት» እየተባለ ይሠራበታል፤ በሰማሁት ቁጥር ትዕግሥቴ ያልቃል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፤ ወረቀት ስላልተፈራረማችሁ ሠራተኛነታቸው አይቀርም። ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅም ምን ሥራ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በስንት ደሞዝ እንደሠራ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። እርስዎ ቤት ለሠሩት በስንት ደሞዝ ተብሎ ይጻፍላቸዋል?

የምመክርዎት ይህን ነው፦ ያኔ ጎረቤት ምግብ ቤቶች ይከፍሉ በነበረው ልክ የእያንዳንዷን ዘመን ያስሉና፣ አቅምዎ የፈቀደውን ከዛሬ ጀምረው እየከፈሉ ይጨርሱ፤ ዓረብ አገር ላሉት ራሳቸው ላመኑት ሰው ይድረስላቸው።

ሲሰጡም ስጦታ ነው አይበሏቸው፤ የራሳችሁ ገንዘብ ነው፣ ዘገየሁባችሁ ይበሏቸው። ወላጆቻቸው ባሉበት ቢሆን ደግሞ የበለጠ እወዳለሁ፤ ልጆቻቸው ቤትዎ በነጻ ሲሠሩ ያዩ ናቸውና። ምሳው ከዚያ በኋላ ይሁን። የመጡ ቀን ማናቸውም ወደ ጓዳ አይግቡ፤ ተቀምጠው ይብሉ፣ እርስዎ ያቅርቡላቸው።