የፈረንጅ አውጥ በእናቴ ጓሮ፦ ከደጅና ከላስቲክ ሥር

በዚህች የትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት ጽሑፎች ስለ ስንዴ፣ ስለ ባቄላና ስለ ድንች ናቸው። ደግ ነው፤ የሚያበላን እሱ ነው። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ብዙም ስለማይወራለት ስለ ፈረንጅ አውጥ፣ አምና ደብረ ብርሃን በእናቴ ጓሮ ዘርቼ ያየሁትንና የተማርኩትን ላካፍላችሁ አስቤአለሁ። ካየሁት ውስጥ የማፍርበትም ነገር አለ። እሱንም አልደብቅም፤ እንዲያውም ለመጻፍ ያነሣሣኝ እሱ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። አውጥ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ፍሬው ሲበስል የሚጠቁረው ትንሹ ተክል ነው። የፈረንጅ አውጥ ሌላ ነው። ፍሬው ሲበስል ወርቃማ ቢጫ ሲሆን፣ እንደ ፋኖስ በተነፋ ስስ ገለፈት ውስጥ ተሸፍኖ ይንጠለጠላል። ሳይንሳዊ መጠሪያው ፊሳሊስ ፔሩቪያና ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች አካባቢ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ አካባቢ ይመረት ስለነበር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ኬፕ ጉዝቤሪ ይሉታል። ኮሎምቢያዎች ኡቹቫ ብለው ለአውሮፓ ገበያ በብዛት ይልኩታል፤ ፔሩዎች ደግሞ አጉዋይማንቶ ይሉታል። የመጣበት አገር ተራራማና ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ነው እንግዲህ "ለምን ለኛ ደጋ አይሆንም?" ያሰኘኝ።

ቤተሰቡ ሶላኔሴ ነው፤ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ የሚመደቡበት ማለት ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይህንን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈው ያልፉታል። እኔም እንዲሁ ጽፌ አልፌው ነበር። በዚያው ቤተሰብ ውስጥ እምቧይ፣ አስተናግርና ግዛዋም እንዳሉ ግን ልብ አላልኩም፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

እናቴ ከቤቱ ጀርባ ሁለት የጎመን መደቦች አሏት። አንዱን ስጠይቃት "ጎመኔን ነቅለህ አበባ ልትተክልልኝ ነው?" አለችኝ። ቀልድ አልነበረም። ከዚያች መደብ የሚወጣው ጎመን ለቤታችን የግማሽ ሳምንት ወጥ ነው። "ፍሬ ነው እማዬ፣ ትሸጪዋለሽ" ብዬ ቃል ገባሁ። ተማሪ ቃል መግባት አይከብደውም።

ዘሩን ያገኘሁት ከበሰሉ ፍሬዎች ነው። አንዷ ፍሬ ብቻዋን ከመቶ በላይ ዘር ስላላት ለአንድ ቤት አምስትና ስድስት ፍሬ ከበቂ በላይ ነው። ፍሬውን በውኃ ውስጥ ጨፍልቆ አንድ ሁለት ቀን ማቆየት፣ ከዚያ ተንሳፋፊውን ደፍቶ ከታች የዘቀጠውን ዘር አጥቦ በጥላ ማድረቅ ነው። የዘራሁት በየካቲት ወር፣ ታቻቸው በተበሱ ጣሳዎች ውስጥ ሲሆን አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅያለሁ። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ብቻ ይበቃዋል። ሙቀት ግን ይፈልጋል። ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኳቸው በ14ኛው ቀን ብቅ ሲሉ፣ ለማወዳደር ብዬ ደጅ የተውኩት ጣሳ አንድ ወር ሊሞላው ሲል ነው ያበቀለው፤ እሱም እዚህና እዚያ። ማድ ቤት የነበሩትን ደግሞ አወፈርኳቸው፤ ውኃም አበዛሁባቸው። በዚህም ምክንያት ግማሾቹ ግርጌያቸው ቀጥኖ፣ ጠቁሮ እየወደቁ ሞቱ። ችግኝ ማሳሳት የሚባለው ነገር በእስክሪብቶ ሲጻፍ ቀላል ነው፤ በእጅ ያበቀሉትን መንቀል ግን አንጀት አያስችልም።

ችግኞቹ አንድ ስንዝር ሲሞላቸው፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ አሥራ ሁለቱን በሦስት ቦታ ተከልኳቸው። አራቱን ሜዳው ላይ በጎመን መደቡ፣ አራቱን ከቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ሥር፣ አራቱን ደግሞ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ላስቲክ ወጥሬ በሠራሁት መጠለያ ውስጥ። በመካከላቸው አንድ ሜትር ያህል ተውኩ። እናቴ "ይህን ሁሉ መሬት ባዶ?" ብላኝ ነበር። በነሐሴ አንዱ ከአንዱ ተጠላልፎ መግቢያ ሲጠፋ መልሱን ራሷ አየችው። ተክሉ ከወገብ በላይ ስለሚያድግና ቅርንጫፉ ተሰባሪ ስለሆነ ካስማ ተክሎ በገመድ ላላ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል።

በላስቲኩ ውስጥ ላሉት ከሁሉም አስበልጬ ፍግ ሰጠኋቸው፤ ስለሳሳሁላቸው። ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። ቅጠላቸው የእጅ መዳፍ የሚያክል፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አማረ፤ አበባቸው ግን ዘገየ። ይህ ተክል መካከለኛ በሆነ አፈር ደኅና ያፈራል፤ ናይትሮጂን ሲበዛለት ጉልበቱን ወደ ቅጠል ያዞረዋል። ግድግዳው ሥር ያሉት፣ ድንጋያማ አፈር ላይ ምንም ያልተደረገላቸው፣ ቀድመው በሰኔ መጨረሻ አበቡ።

የላስቲክ ቤት ነገር እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ደብረ ብርሃን ብርድ ናት እንላለን እንጂ ፀሐይ ስትወጣ ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል፤ አበባም ይረግፋል። ስለዚህ ጠዋት ሁለቱን ጎን መክፈት፣ ማታ መዝጋት የዕለት ሥራ ነው። በክረምት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እርጥበቱ ታፍኖ የታችኞቹን ቅጠሎች ሻጋታ ያዛቸው፤ እነሱን ቆርጬ አየር እንዲገባ አደረግሁ። ነጭ ዝንብና ክሽክሽም መጠለያ ወዳድ ናቸው። በሳሙና ውኃ የቅጠሉን ጀርባ በየሦስት ቀኑ ማጠብ ረድቶኛል። አበባው በራሱ ዱቄተ ዘር የሚራባ ቢሆንም ነፋስና ንብ ሲነቀንቁት የበለጠ ይይዛል። ላስቲክ ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ረፋድ ላይ ቅርንጫፎቹን በቀስታ መነቅነቅ ነው። እናቴ ይህን ስሠራ አይታ "ደግሞ ያናግራቸዋል" እያለች ለጎረቤት ታወራብኝ ነበር።

ሜዳው ላይ ያሉት የሐምሌን በረዶ ተቀበሉ። ቅጠላቸው ተበሳሳ፤ አልሞቱም። ከባድ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ሊበስሉ የደረሱት ፍሬዎች ገለፈታቸው ውስጥ ይሰነጠቃሉ። ምክንያቱ ውኃ በድንገት ሲበዛ ፍሬው ከቆዳው ፈጥኖ ማበጡ ነው። ውኃ አለማስጠማት፣ አለማስረቅም፤ ይኸው ነው ዘዴው፤ ዝናብን ግን ማን ያዛል?

አሁን ወደዚያ ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ሲበስሉ ደስታዬን አልቻልኩትም። የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ አንድ አንድ አቀመስኳቸውና "አያችሁ፣ ይሄ ይበላል!" አልኳቸው። ያልኩት ይህንን ብቻ ነው። በማግስቱ እኔ ሳልኖር የአምስት ዓመቱ ልጅ ብቻውን መጥቶ ያገኘውን ሁሉ እየገለፈተ በላ። ያገኘው ግን አረንጓዴውን ነው። ማታ እናቱ ትውከትና የሆድ ቁርጠት ይዞታል ብላ እየሮጠች መጣች። "ምንድን ነው ያበላኸው ልጄን?" ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። የተረፉትን ገለፈቶች ሰብስቤ ተከትያት ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ምን እንደበላ ማወቋ ጠቀማት፤ ሌሊቱን እዚያው አድሮ ጠዋት ተሻለው። እኔ ግን ያንን ሌሊት አልረሳውም። የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ያልበሰለ የፈረንጅ አውጥ፣ ቅጠሉና ግንዱም ጭምር፣ አረንጓዴ በሆነ ድንች ላይ እንደምናውቀው ያለ መርዛማ ንጥረ ነገር እንዳለው አንብቤአለሁ። ለልጆቹ አልነገርኳቸውም።

ይህ ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ቀን አጥራችንን ስዞር ግዛዋ በቅሎ አገኘሁ። ግዛዋን ያየ ያውቀዋል፤ የሱም ፍሬ እንዲሁ በተነፋ ስስ ገለፈት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ያነሰና ሲበስል የሚቀላ ነው እንጂ ለአምስት ዓመት ልጅ ዓይን ወንድማማች ናቸው። የባህል ሐኪሞች የሚያውቁት የመድኃኒት ተክል እንጂ የልጅ መክሰስ አይደለም። "ገለፈት ያለው ይበላል" ብሎ የተማረ ልጅ ያንን ቢያገኝስ? ቤተሰብ መመደብ ለፈተና ብቻ አለመሆኑ ያኔ ነው የገባኝ።

እናቴ "ዛሬውኑ ይነቀል" አለች። ልጁ ቢሞትብን ኖሮ በምን ፊታችን ከጎረቤት እንኖር ነበር? እውነቷን ነው። ሁለት ቀን ለመንኳት። በመጨረሻ የልጁ እናት ናት ያዳነችኝ፤ "ይለፈው፣ ብቻ አጥርልን" አለች። መደቦቹን በእሾህ አጠርኩ፤ ግዛዋውን ነቀልኩ። ልጆቹንም እንደገና ሰብስቤ አንድ ሕግ ሰጠኋቸው፦ ከዛፉ አይቀጠፍም፤ መሬት የወደቀው፣ ገለፈቱ እንደ ገለባ የደረቀው፣ ውስጡም ቢጫ የሆነው ብቻ ለአዋቂ ታይቶ ይበላል። ይህ ሕግ ለልጅ ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ፍሬው በትክክል ሲበስል በራሱ ጊዜ ስለሚወድቅ የለቀማውም ትክክለኛ ዘዴ ይኸው ነው። ከአበባ እስከዚያ ድረስ ከሁለት ወር በላይ ይወስዳል፤ በኛ ብርድ ደግሞ ይረዝማል።

ከዚያ ኅዳር መጣ። የደብረ ብርሃን ሰው ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ዝም ያለ ማታ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ደመና ከሌለ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ ነፋስ ከሌለ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል። ተራ ስስ ላስቲክ ይህንን ሙቀት በብዛት ስለሚያሳልፈው ብቻውን አያስተማምንም። ስለሆነም ማታ ማታ ከላይ ጆንያ ደረብኩ፤ ውስጡ ደግሞ ቀን ፀሐይ የሚሞቁ ሁለት ውኃ የተሞሉ ጀሪካኖች አስቀመጥኩ። ጠዋት ስነሣ ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ሜዳ ላይ ያሉት አራቱ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁረው ተኝተዋል። ከላስቲኩ ሥር ያሉት ተርፈዋል፤ ላስቲኩን ነክተው ያደሩ ቅጠሎች ብቻ ተቃጥለዋል። ያስደነቁኝ የግድግዳ ሥሮቹ ናቸው። ግድግዳው የከሰዓት ፀሐይ ሲመታው የሚውል ነው፤ ድንጋዩ ያንን ሙቀት ሌሊት መልሶ ይሰጣል። ጫፋቸው ተመታ፣ ወገባቸው ግን ደኅና ነበር። ምንም ብር ያላወጣሁባቸው እነሱ ናቸው።

የለቀምኩትን ፍሬ ከነገለፈቱ በሰፌድ ላይ ሳይነባበር ደረቅ ቦታ አስቀምጬ ከወር በላይ ሳይበላሽ ቆይቶልኛል፤ ከተገለፈተ ግን ቶሎ መብላት ነው። ቫይታሚን ሲና የቫይታሚን ኤ መነሻ የሆነው ካሮቲን አለው። ተፈጥሯዊ ማርጊያ ስላለው በስኳር ብቻ ጥሩ ማርማላታ ይወጣዋል። እናቴ ሁለት ብልቃጥ ሠርታ አንዱን ለልጁ እናት ወሰደችላት። ጥቂቱን ሸጠነዋል፤ የጎመኑን ያህል ግን አልሞላም። ቃሌን አልጠበቅሁም ማለት ነው።

በዚህ ዓመት መደቡ ለጎመን ተመልሷል። ቀድሞውንም ቢሆን ድንችና ቲማቲም በነበረበትም ሆነ አውጥ በቆመበት መሬት ላይ ደጋግሞ አውጥ መትከል አይመከርም፤ በሽታና ተባዩ የጋራ ነው። አውጡ የቀረው በግድግዳው ሥርና በላስቲኩ ውስጥ ብቻ ነው። ግድግዳው ሥር ያሉትን በየካቲት ከመሬት አንድ ስንዝር ትቼ ቆረጥኳቸው፤ ሥራቸው በሕይወት ስለነበረ እንደገና አቆጥቁጠዋል። ቆንጆውን ፍሬ መርጬ ያወጣሁት ዘር በወረቀት ተጠቅልሎ እጄ ላይ አለ። የሚፈልግ የትምህርት ክፍላችን ተማሪም ሆነ መምህር ቢጠይቀኝ እሰጣለሁ፤ ቤቱ ትንሽ ልጅ ካለ ግን መጀመሪያ አጥሩን ይሥራ።