አገር አቋራጭ ሩጫና የቡድን ነጥብ አቈጣጠር

የሩጫ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ቀደመ?» ብሎ ነው። በመም ላይ ለሚደረግ ሩጫ ይህ ጥያቄ ይበቃል። በአገር አቋራጭ ሩጫ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በአንዱ ሩጫ ውስጥ ሁለት ውድድር አብሮ ይካሄዳል፤ አንዱ የሰው ለሰው ሲሆን ሁለተኛው የቡድን ለቡድን ነው። እኔ ራሴ ይህን ልዩነት ሳልረዳ በመሮጤ ያደረስሁትን ጥፋት ወደ ኋላ እናገራለሁ፤ አስቀድሜ ግን የአቈጣጠሩን ነገር ላስረዳ።

አገር አቋራጭ ሩጫ በሣር፥ በጭቃ፥ በዳገትና በቍልቍለት የሚደረግ ሩጫ ነው። እያንዳንዱ ሜዳ የየራሱ ጠባይ ስላለው የአንዱን ሜዳ ሰዓት ከሌላው ጋራ ማመዛዘን አይቻልም። ስለዚህ የሚቈጠረው ተራ ነው፤ አንደኛ የወጣ ለቡድኑ 1 ነጥብ ያመጣል፥ ሃያኛ የወጣ 20 ነጥብ ያመጣል። የተወሰኑ ሯጮች ነጥብ ይደመርና ድምሩ ያነሰው ቡድን አሸናፊ ይሆናል። በብዙ ጨዋታ ነጥብ ማብዛት ሲያስከብር በዚህ ግን ማሳነስ ነው የሚያስከብረው። በዓለም ሻምፒዮና ቀድሞ የስድስት ወንዶች ነጥብ ይደመር ነበር፤ ዛሬ የአራት ነው።

ይህ የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በእኛ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በዋርገም ከተማ ነው። ኢትዮጵያ የገባችበት ግን ዘግይታ በ1973 ዓ.ም. ሲሆን፥ አገባቧም እስከ ዛሬ የሚነገር ነው። መጋቢት 19 ቀን በስፔን ዋና ከተማ በማድሪድ፥ የፈረስ እሽቅድምድም በሚደረግበት ሜዳ ላይ 12 ኪሎ ሜትር ተሮጠ። ያገራችን ልጆች ተሰብስበው ከፊት ሆነው ይመሩ ነበር። ታዲያ አንድ ዙር ገና ሲቀር የመጨረሻው ዙር መስሏቸው ያላቸውን ኀይል ሁሉ አፍስሰው ሮጡ፤ ሩጫውም አለቀ ብለው ፍጥነታቸውን ተዉ። «ኧረ ገና ነው!» ተብለው እንደ ገና ሲነሡ ከኋላ የነበሩት ደርሰውባቸዋል። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ጕልበቱን ጨርሶ ትንፋሹን የለቀቀ ሰው ሌላ ዙር ሩጥ ቢባል ምን እንደሚሰማው የሞከረ ያውቀዋል። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳይ ያገኘው መሐመድ ከድር እንደ ገና አሳዶ መሪዎቹ ዘንድ ደረሰና፥ በጥቂት ሰኮንድ ብቻ በአሜሪካዊው በክሬግ ቨርጂን ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ።

እንግዲህ «ማን ቀደመ?» ብንል መልሱ አሜሪካዊው ነው። ነጥቡ ሲደመር ግን የቡድኑ አሸናፊነት የኢትዮጵያ ሆነ። ስድስቱም ነጥብ ሰጪዎች ከዚያ ሁሉ ስሕተት በኋላ ተነሥተው እስከ ፍጻሜው ሮጠዋልና።

ከዚያ ወዲህ እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ አምስት ዓመት በተከታታይ በወንዶች ቡድን ያሸነፈች ኢትዮጵያ ናት። ልብ በሉ፤ በእነዚህ አምስት ዓመታት በግል አንደኛ የወጣ ኢትዮጵያዊ የተገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1974 በሮም መሐመድ ከድር፥ በ1975 በእንግሊዝ አገር በጌትስሄድ በቀለ ደበሌ። በ1976ና በ1977 በግል የቀደመው የፖርቱጋሉ ካርሎስ ሎፔዝ ነበር። የዚህም ተቃራኒ ደርሶብናል። ቀነኒሳ በቀለ በ1994ና በ1995 በአጭሩም በረጅሙም ርቀት አንደኛ ሲወጣ፥ በረጅሙ ርቀት የቡድኑን ድል የወሰደችው ኬንያ ነበረች፤ እርስዋም ከ1978 ጀምራ አሥራ ስምንት ዓመት ለማንም አልለቀቀችም። በ1996 ዓ.ም. በብራስልስ ቀነኒሳ፥ ገብረ እግዚአብሔር ገብረ ማርያምና ስለሺ ስኅን ተከታትለው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ሲገቡ ነው ድሉ ወደኛ የተመለሰው። ቀነኒሳ በአዋቂዎች ውድድር በጠቅላላው አሥራ አንድ ጊዜ አሸንፏል፤ የመጨረሻውን በ2000 ዓ.ም. በኤዲንብራ ያሸነፈው በሩጫው መካከል ጫማው ወልቆበት ቆሞ ካጠለቀ በኋላ ነው። ከሴቶቹም ደራርቱ ቱሉ ሦስት ጊዜ፥ ጌጤ ዋሚ ሦስት ጊዜ፥ ወርቅነሽ ኪዳኔ በ1995፥ ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ በ1997 በሁለቱም ርቀት፥ በ1998ና በ2000 በረጅሙ አሸንፈዋል።

አገራችን እነዚህን የመሰሉ ሯጮች ለዓለም ውድድር ስትመርጥ የኖረችው በጃን ሜዳ በሚደረገው ውድድር ነው። ልምምዳቸውን ግን ብዙዎቹ ከእንጦጦ ወዲህ ማዶ በእኛው በሱሉልታ ሜዳ ያደርጋሉ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ በዚህ አየር የሚለማመድ ሰው ደሙ ኦክሲጅን የሚሸከሙትን ቀያይ ሕዋሳት ያበዛል። እኔም በየማለዳው ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ሲያልፉኝ እያየሁ ነው ሯጭ ለመሆን የተመኘሁት።

በዚህ ዓመት ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተውጣጡ ሦስት የተማሪ ቡድኖች በሣር ሜዳ ላይ ተወዳደርን። ከየቡድኑ የአራት ልጆች ነጥብ ይደመራል ተብሏል፤ እኔ ግን አልሰማሁም፥ ወይም ሰምቼ ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም። የሰበታው ልጅ አንደኛ ሲገባ አየሁት። እኔ በዚያን ጊዜ አሥራ ስድስተኛ ነበርሁ፤ አራት መቶ ሜትር ያህል ይቀረኛል። «ከእንግዲህ አሥራ ስድስተኛ ብወጣ ምን፥ ሃያኛ ብወጣ ምን» ብዬ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ መራመድ ጀመርሁ። ሦስት ልጆች አለፉኝ፤ ሦስቱም የሰበታ ነበሩ። እኔም በዝግታ አሥራ ዘጠነኛ ሆኜ ገባሁ።

ማታ የስፖርት መምህራችን ውጤቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉ። የቡራዩ 4፥ 7፥ 8ና 9፤ ድምሩ 28። የእኛ 2፥ 3፥ 6ና 19፤ ድምሩ 30። አንደኛውን ያስገባው የሰበታ ቡድን ሦስተኛ ሆኗል። መምህራችን ምንም አልተናገሩም። ሁለተኛ የወጣው ጓደኛዬ ግን ተነሥቶ ጠመኔውን ወሰደና የእኔን 19 አጥፍቶ 16 ጻፈበት፤ ደመረው፥ 27 መጣ። ከዚያም 16ቱን አጥፍቶ 19ኙን መልሶ ጻፈና ወደ ቦታው ተመለሰ።